የ2019 የጆ ማክዶና ዋንጫ፦ ስለ አየርላንድ ሀርሊንግ ሁለተኛ እርከን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀርሊንግ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ኪልኬኒ፣ ስለ ቲፐራሪ፣ ስለ ሊመሪክ፣ ማለትም ስለ ትልልቆቹ ካውንቲዎች (የአየርላንድ ክልሎች) ቡድኖች ነው። እዚህ የምናወራው ግን ከነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ስለሚጫወቱት ነው። የመረጥኩት የ2019ን ውድድር ነው፤ ምክንያቱን ወደ መሀል ስትደርሱ ታገኙታላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ሀርሊንግ ምንድን ነው?

የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። በትር አለ፣ ሩር አለ፣ ግርግር አለ። ልዩነቱ የሀርሊንግ ኳስ መሬት ለመሬት ብቻ አይሄድም። በአየር ላይ ይመታል፣ በእጅ ይቀለባል፣ በበትሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየተሮጠ ይወሰዳል። በእጅ ይዞ መሄድ የሚቻለው ግን አራት እርምጃ ብቻ ነው። መሬት ላይ ያለን ኳስ በቀጥታ በእጅ ማንሳትም አይፈቀድም፤ በበትር ወይም በእግር ነው የሚነሳው።

በትሩ የሚሠራው አሽ ከሚባል ዛፍ ነው። ጫፉ ሰፋ ያለ ነው። ኳሱ ስሊተር ይባላል፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ጠንካራ የቆዳ ኳስ ነው። በየቡድኑ 15 ሰው ይሰለፋል። የካውንቲዎች ዋና ውድድር 70 ደቂቃ ነው፣ 35 በ35። ሁሉም የራስ ቁር ያደርጋል፤ ከ2010 ጀምሮ ግዴታ ነው። አንድ ጨዋታ ካየ በኋላ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም።

ውጤቱ 1-22 ለ 0-23 ተብሎ ሲጻፍ ማን ነው ያሸነፈው?

1-22 ያለው። የግቡ ብረት ቅርጹ እንደ ኤች ፊደል ነው። ኳሱ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባ ጎል ነው፣ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ካለፈ አንድ ነጥብ ነው። ከሰረዙ በፊት ያለው የጎል ብዛት ነው፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው የነጥብ። ስለዚህ 1-22 ማለት ሦስት ሲደመር 22፣ ማለትም 25 ነው። 0-23 ደግሞ 23 ነው። ይህን ውጤት ያዙት፣ ወደ ኋላ ይመጣል።

ቡድኖቹ ክለቦች ናቸው?

አይደሉም። እነዚህ የካውንቲ ምርጥ ቡድኖች ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች የሰፈሩ ወይም የመንደሩ ክለብ አለው፣ ከዚያ ተመርጦ ለካውንቲው ይሰለፋል። ጨዋታውን የሚመራው ጂኤኤ በምህጻረ ቃል የሚጠራው የጌሊክ ስፖርት ማኅበር ነው። የተመሠረተው በ1884 ተርልስ በምትባል የቲፐራሪ ከተማ ውስጥ ነው።

ደሞዝ የለም። 80 ሺህ ሕዝብ ፊት የሚጫወተው ሰው ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ወይም ወደ እርሻው ይሄዳል። እንደ እግር ኳሱ ገንዘብ ከፍሎ ኮከብ መግዛትም የለም። ትንሽ ካውንቲ ትንሽ ነው፣ ባለው ልጅ ይጫወታል። እርከን ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ሀርሊንግ በሁሉም የአየርላንድ ክፍል እኩል ሥር የሰደደ ጨዋታ አይደለም። በደቡብና በምሥራቅ ያሉ ጥቂት ካውንቲዎች ከመቶ ዓመት በላይ ዋንጫውን እየተቀባበሉት ኖረዋል። በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ በርካታ ካውንቲዎች ዘንድ ዋናው ስፖርት የጌሊክ እግር ኳስ ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ ማጫወት የአርባ ነጥብ ሽንፈት ከማምረት በቀር ጥቅም የለውም።

በ2019 ስንት እርከን ነበር?

አምስት። ከላይ የሊያም ማካርቲ ዋንጫ አለ፤ የአየርላንድ ሻምፒዮን የሚባለው ይህን የሚያነሳው ነው። ከሱ ቀጥሎ በ2018 የተጀመረው የጆ ማክዶና ዋንጫ ይመጣል። ሦስተኛው የክሪስቲ ሪንግ፣ አራተኛው የኒኪ ራካርድ ነው። ሁለቱም የተጀመሩት በ2005 ነው። አምስተኛው በ2009 የመጣው የሎሪ ማሀር ዋንጫ ነው።

ስሞቹ ሁሉ የሰዎች ናቸው። ክሪስቲ ሪንግ ከኮርክ ጋር ስምንት ጊዜ የአየርላንድ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ብዙ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ እንደሱ ያለ አልተፈጠረም ይላሉ። የዌክስፈርዱ ኒኪ ራካርድ በ1954 በግማሽ ፍጻሜ አንትሪም ላይ ብቻውን 7-7 አስቆጥሯል። አሁን ማስላት ስለምትችሉ፣ 28 ማለት ነው። ሎሪ ማሀር በ1930ዎቹ ኪልኬኒን ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ካደረጉት አንዱ ነው።

ጆ ማክዶና የጎልዌይ ሰው ነው። በ1980 ጎልዌይ ከ57 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ስትወስድ፣ እሱ ከድሉ በኋላ ሕዝብ ፊት ቆሞ ዘፈነ። ያ ዘፈን ከጨዋታው በላይ የሚታወሳቸው ሰዎች አሉ። በኋላ ከ1997 እስከ 2000 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2016 አረፈ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋንጫው በስሙ ተሰየመ።

በዚያ ዓመት የጆ ማክዶናን ዋንጫ እነማን ተጫወቱ? አካሄዱስ እንዴት ነበር?

አምስት ቡድኖች፦ ሊሽ፣ ዌስትሚዝ፣ አንትሪም፣ ኬሪና ኦፋሊ። እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይጋጠማል። ላይ ያሉት ሁለቱ ለፍጻሜ ያልፋሉ። መጨረሻ የወጣው ወደ ክሪስቲ ሪንግ ዋንጫ ይወርዳል። አሸናፊው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌንስተር ሻምፒዮና (በምሥራቁ ክፍለ ሀገር የሚካሄደው የላይኛው እርከን ምድብ) ያድጋል፣ ከኪልኬኒና ከዌክስፈርድ ጋር ሊሰለፍ ማለት ነው።

ኬሪ ላይ ብቻ ልዩ ደንብ ነበር። ኬሪ የሚገኘው የራሱ የላይኛው እርከን ምድብ ባለው በደቡቡ ክፍለ ሀገር በመንስተር ስለሆነ፣ ቢያሸንፍ በቀጥታ አያድግም። ከመንስተር መጨረሻ ከወጣው ቡድን ጋር ተጨማሪ ጨዋታ መጫወት ነበረበት። ለአንዱ በሩ ክፍት ሆኖ ለሌላው ደጃፍ ላይ ዘበኛ ማቆም ነው። ለእኔ ፍትሐዊ አልመሰለኝም።

ፍጻሜውን ማን አሸነፈ?

ሊሽ። ጁን 30 ቀን ክሮክ ፓርክ ላይ ዌስትሚዝን 3-26 ለ 1-21 ረታ፣ በ11 ነጥብ ልዩነት። ክሮክ ፓርክ ከ82 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ የደብሊን ስታዲየም ነው። የዚያን ቀን ዌክስፈርድና ኪልኬኒ የሌንስተርን ፍጻሜ የተጫወቱት እዚያው ነበር። የሊሽና የዌስትሚዝ ጨዋታ ከሱ በፊት የቀረበ ነው።

የሊሽ አሰልጣኝ ኤዲ ብሬናን ነበር። በተጫዋችነቱ ከኪልኬኒ ጋር ስምንት የአየርላንድ ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። ዋንጫ የለመደ ሰው ዋንጫ ካየ ዘመን የራቀውን ካውንቲ ያዘ። ሊሽ በታሪኩ የአየርላንድ ሻምፒዮን የሆነው አንዴ ብቻ ነው፣ በ1915።

ታዲያ ዋንጫው ተበላ፣ ታሪኩ አለቀ። ስለ 2019 ይህን ያህል የሚወራው ለምንድን ነው?

አላለቀም! ከፍጻሜው በኋላ ሌላ በር ነበር። ሁለቱም የፍጻሜ ቡድኖች፣ አሸናፊውም ተሸናፊውም፣ በዚያው ዓመት ወደ ዋናው የሊያም ማካርቲ ውድድር ይገባሉ። ቅድመ ሩብ ፍጻሜ ይባላል። ከሌንስተርና ከመንስተር ሦስተኛ ከወጡት ጋር ይጫወታሉ፣ ሜዳው የታችኞቹ ነው። የሚያገኙት እረፍት ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ለሊሽ የደረሰው ደብሊን ነበር። ቁጥሩን እዩት። በ2016 ቆጠራ የደብሊን ካውንቲ ሕዝብ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ነው። የሊሽ 85 ሺህ አይሞላም። ደብሊን ደግሞ በዚያ ሰሞን ጥሩ አቋም ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጎልዌይን አሸንፎ ከውድድር አስወጥቷል። ጎልዌይ የ2017 ሻምፒዮን፣ የ2018 የፍጻሜ ተፋላሚ ነው። ስለዚህ ደብሊን ወደ ሊሽ ከተማ ወደ ፖርትሊሽ ሲመጣ ወደ ሩብ ፍጻሜ መሸጋገሪያ አድርጎ ያየው ብዙ ሰው ነበር። ሊሽ ደግሞ ገና ከዋንጫ ጭፈራ የተመለሰ ቡድን ነው።

ጁላይ 7 ቀን በፖርትሊሽ ኦሙር ፓርክ ስታዲየም ሊሽ 1-22፣ ደብሊን 0-23።

ውጤቱን ዘርዝሩት። ደብሊን ከአግዳሚው በላይ ያሳለፈው ከሊሽ በአንድ ይበልጣል። ልዩነቱን ያመጣችው አንዷ ጎል ናት። በሀርሊንግ ትልቅ ቡድን ከሩቅ ነጥብ እየለቀመ ትንሹን ያደክማል፣ ትንሹም ቶሎ ለመድረስ ጎል ጎል እያለ ይሳሳታል። ሊሽ ግን በነጥብ አንገት ለአንገት ሄዶ ጎሉን እንደ ተጨማሪ ያዘ። እኔ ያንን ጨዋታ ዕድል የማልለው ለዚህ ነው። 22 ነጥብ በዕድል አይለቀምም።

ሲያልቅ ሕዝቡ ሜዳውን አጥለቀለቀው።

ከዚያስ?

ከሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 14፣ ክሮክ ፓርክ ላይ ሩብ ፍጻሜ ከቲፐራሪ ጋር። ቲፐራሪ 2-25፣ ሊሽ 1-18። አስር ነጥብ ነው። ቲፐራሪ ዌክስፈርድን፣ ቀጥሎም በፍጻሜው ኪልኬኒን ጥሎ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ኪልኬኒ በፍጻሜው የተሸነፈው በ14 ነጥብ ነው፣ 3-25 ለ 0-20። ሊሽ ከኪልኬኒ ባነሰ ልዩነት ተሸንፎ ወጣ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ስሌት ብዙ እንደማያስኬድ አውቃለሁ፤ ግን የሊሽ ሰው ቢያነሳው አልከለክለውም።

ዌስትሚዝስ? እነሱም ገብተው አልነበር?

ገብተው ነበር። ሊሽ ደብሊንን ባሸነፈበት ቀን፣ በራሳቸው ከተማ በሙሊንጋር ከኮርክ ጋር ተጫወቱ። ኮርክ 1-40፣ ዌስትሚዝ 0-20። በ23 ነጥብ።

እንዲህ ከሆነ ይህ ቅድመ ሩብ ፍጻሜ ለታችኞቹ ጥቅም ነው ወይስ ቅጣት?

አየርላንድ ውስጥ በየዓመቱ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ጥያቄ ነው። ቅጣት ነው የሚሉት ማስረጃ አያጡም። በ2018 የመጀመሪያውን የጆ ማክዶና ዋንጫ የወሰደው ካርሎ ከሊመሪክ ጋር ተገናኝቶ 5-22 ለ 0-13 ተሸነፈ። በ2023 ቲፐራሪ ኦፋሊ ላይ 7-38 አስቆጠረ፣ ኦፋሊ 3-18። 59 ለ 27 ነው። ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ፣ ደክሞ፣ ስሜቱን ሁሉ ጨርሶ፣ ከሳምንት በኋላ ለእርድ ይቀርባል ይላሉ። እስከ 2025 ድረስ ከዚህ በር ገብቶ ያሸነፈ የጆ ማክዶና ቡድን ሊሽ ብቻ ነው።

ጥቅም ነው የሚሉት ደግሞ ያንኑ ሊሽን ይጠራሉ። በሩ ባይኖር ጁላይ 7 የለችም። አንትሪም በ2022 ኮርክን ቤልፋስት ላይ አስጨንቆ የተሸነፈው በሦስት ነጥብ ብቻ ነው፣ 2-25 ለ 3-19። ስለዚህ ሁሌ እርድ አይደለም።

እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ፣ በአንድ ቅሬታ። ችግሩ በሩ ሳይሆን ቀኑ ነበር። ዋንጫ ያነሳ ቡድን ዋንጫውን ይዞ ትምህርት ቤቱንም፣ መንደሩንም፣ መጠጥ ቤቱንም ሊዞር ይገባዋል። ደሞዝ የማይከፈለው ሰው ደሞዙ ያ ነው። ሰባት ቀን ሰጥቶ ከኮርክ ጋር ተጫወት ማለት ደስታውንም ጨዋታውንም ማበላሸት ነው። ሁለት ሳምንት ቢሰጡ ጭቅጭቁ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ከምድቡ የወረደው ማን ነው?

ኦፋሊ። ይህ ደግሞ የዚያ ዓመት መራር ገጽ ነው። ኦፋሊ ተራ ካውንቲ አይደለም። በ1981፣ 1985፣ 1994 እና 1998 አራት ጊዜ የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2018 ከሌንስተር ወረደ። በ2019 እንደገና ወረደ። ከ1998 ሻምፒዮንነት ወደ ሦስተኛ እርከን ለመውደቅ 21 ዓመት በቂ ሆነ። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ገና ጎልማሶች ናቸው፣ ልጆቻቸው ያንን ማልያ ለብሰው ክሪስቲ ሪንግ ሲጫወቱ ማየት ነበረባቸው።

መውጣቱም ቀላል አልሆነም። በ2020 የክሪስቲ ሪንግን ዋንጫ ኪልዴር ወሰደ። ኦፋሊ በ2021 ደርቢን 0-41 ለ 2-14 አሸንፎ ተመለሰ። በ2023 የጆ ማክዶና ፍጻሜ ደርሶ በካርሎ ተሸነፈ፣ በ2024 ሊሽን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያው ዓመት ከ20 ዓመት በታች ቡድኑም ቲፐራሪን ረትቶ የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆነ። አምስት ዓመት ፈጀ።

በሌሎቹ ዋንጫዎች በ2019 ምን ተፈጠረ?

ክሪስቲ ሪንግን ሚዝ ወሰደ፣ ዳውንን አሸንፎ። ኦፋሊ በለቀቀው ቦታ የገባው እሱ ነው። ኒኪ ራካርድን ስላይጎ ወሰደ፣ አርማን አሸንፎ።

የመጨረሻው እርከን፣ የሎሪ ማሀር፣ ግን ትንሽ ቆም ብሎ መታየት አለበት። ሊትሪም ከላንካሸር ጋር ክሮክ ፓርክ ላይ ተጫወተ። አዎ፣ የእንግሊዙ ላንካሸር ነው። ከአየርላንድ የተሰደዱ ሰዎችና ልጆቻቸው የመሠረቷቸው የእንግሊዝ ቡድኖች በታችኛው እርከን ይወዳደራሉ። ጨዋታው በመደበኛው ሰዓት አላለቀም። በጭማሪ ሰዓት ሊትሪም 2-23 ለ 2-22 አሸነፈ፣ በአንዲት ነጥብ። ሊትሪም በአየርላንድ ሪፐብሊክ ሕዝቡ ትንሹ ካውንቲ ነው፣ በ2016 ቆጠራ 32 ሺህ ገደማ።

በዚያ የሊትሪም ቡድን ውስጥ ዛክ ሞራዲ ነበር። ኩርድ ነው። የተወለደው ኢራቅ ውስጥ ራማዲ አጠገብ በስደተኞች ካምፕ ነው። በ2002፣ በ11 ዓመቱ፣ ከቤተሰቡ ጋር በሊትሪም ወደምትገኘው ካሪክ ኦን ሻነን መጣ። በትሩን መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው። ከ17 ዓመት በኋላ ያንን ትንሽ ካውንቲ ማልያ ለብሶ ክሮክ ፓርክ ላይ ዋንጫ አነሳ። ልጆቹን በባዕድ አገር የሚያሳድግ ሐበሻ ይህን ከጎል ብዛት ይልቅ ሳይወደው አይቀርም። ካውንቲው ሰው ያስፈልገው ነበር፣ ልጁም ቡድን ያስፈልገው ነበር።

ሊሽ ዛሬ የት ነው?

በ2020 ወደ ሌንስተር አደገ። የመጀመሪያ ጨዋታው ከማን ጋር ሆነ? ከደብሊን ጋር። ደብሊን 2-31፣ ሊሽ 0-23፤ ቂሙን ተወጣ። ኤዲ ብሬናንም ከዚያ ዓመት በኋላ ለቀቀ። በ2021 ሊሽ አንትሪምን አሸንፎ ከመውረድ ተረፈ፣ በ2022 ግን ወረደ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ለጆ ማክዶና ፍጻሜ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ፣ በ2024 በኦፋሊ፣ በ2025 በኪልዴር።

ጨዋታውን መሞከር ብፈልግ አየርላንድ መሄድ አለብኝ?

የለብህም፣ የለብሽም። የጌሊክ ክለቦች በለንደን፣ በኒውዮርክ፣ በቦስተን፣ በዱባይና በአቡዳቢ አሉ። አውሮፓ ውስጥም በብዙ ከተማ አሉ። አብዛኞቹ ጀማሪ ይቀበላሉ፤ አየርላንዳዊ መሆን አይጠይቁም። በትር ብዙ ጊዜ ያውሳሉ። የራስ ቁር ግን የራስህን ግዛ፣ ልኩ ካልሆነ ጥቅም የለውም። በመጀመሪያው ቀን ኳሱን ለመምታት ሳይሆን በበትር ከመሬት ለማንሳት ተለማመድ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚቸገረው እሱ ላይ ነው።